የድሬዳዋ ዛፍ ለምን በዛ? የባሌዋ እንቁራሪት ለምን ልትጠፋ ደረሰች?

ድሬዳዋ ውስጥ ያሉት ቀይ አበባ ያላቸው ዛፎች ሁሉ ነገ ቢቆረጡ ከተማዋ ታዝናለች። ጥላው ይሄዳል፣ ሙቀቱ ይብሳል። ነገር ግን የዓለም ዝርያዎች የአደጋ ደረጃ በሚጻፍበት መዝገብ ላይ አንዲት መስመር አትለወጥም። ባሌ ውስጥ፣ ሐረና ጫካ፣ የአንዲት ጠባብ ጅረት ዳርቻ ቢመነጠር ግን አንድ ሙሉ ዝርያ ወደ መጥፋት ሊጠጋ ይችላል።

ብዙ ሰው ይህን በቁጥር ብቻ ይመልሰዋል። "ዛፉ ብዙ ነው፣ እንቁራሪቷ ጥቂት ናት" ይላል። እውነት ነው፣ ግን ገና መልስ አይደለም። አንዱ ለምን በዛ? ሌላዋስ ለምን አነሰች? ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ዛፉን ሰው ተሸክሞ ዓለምን አዞረው። እንቁራሪቷ ግን ከቤቷ ውጭ ቤት የላትም። ዛፍ መትከል የምንወድ ሰዎች ይህን ልዩነት በደንብ ልንረዳው ይገባል፤ ምክንያቱም ችግኝ የማያድነው ነገር አለ።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከማዳጋስካር የመጣው ዛፍ

የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው የሳይንስ ስሙ ዴሎኒክስ ሬጂያ ነው። የከተማችንን ስም ይዟል እንጂ የትውልድ አገሩ እዚህ አይደለም። በተፈጥሮ የበቀለው ማዳጋስካር ደሴት ላይ፣ ዓመቱ ደረቅና ዝናባማ ሆኖ በሚከፈልበት ጫካ ውስጥ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አውሮፓውያን የዕፅዋት ሰዎች አዩት፤ ወደዱት። ከዚያ በኋላ በየሞቃቱ አገር ተተከለ። ዛሬ ከአፍሪካ እስከ ሕንድ፣ ከካሪቢያን ደሴቶች እስከ አውስትራሊያ መንገድ ዳር ቆሞ ታገኙታላችሁ።

ለጉዞ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ፍሬው ረጅም፣ ጠፍጣፋና እንደ እንጨት የጠነከረ ነው፤ ግማሽ ሜትር የሚደርስበት ጊዜ አለ። በውስጡ ያለው ዘር ልባሱ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይበላሽም። ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለረጅም ጊዜ ሕይወቱን ይዞ ይቆያል። በመርከብ ጭነት ውስጥ ወራት ቢያሳልፍ ምንም አይሆንም። ችግኝ ጣቢያ የሚሠሩ ሰዎች አበቃቀሉን ያውቁታል፦ ዘሩን በጣም ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል፣ ያሳድሩታል፣ ልባሱ ሲላላ ይዘሩታል።

መሬትም አያማርጥም። ድርቅ ሲመጣ ቅጠሉን አራግፎ ይጠብቃል። ዝናብ ሲቀርብ ያብባል። ብዙ የማይታገሠው ነገር ውርጭ ነው። ስለዚህ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ድሬዳዋ ትስማማዋለች። 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሐረርም አልከበደችውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሰው ይፈልገዋል። አናቱ እንደ ጃንጥላ ስለሚዘረጋ ጥላው ሰፊ ነው። የባቡር ሐዲዱ በ1902 ደርሶ ድሬዳዋ በዙሪያው ስትቆረቆር፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈሯ ቀጥ ያሉ መንገዶችና ዛፍ የተሰለፈባቸው ዳርቻዎች ነበሩት። የድሬ ሰው እስከ ዛሬ የእኩለ ቀኑን ፀሐይ የሚያሳልፈው በጥላ ነው። አንድ ዝርያ ውብም ጠቃሚም ሆኖ፣ በዚያ ላይ ዘሩ በኪስ የሚያዝ ከሆነ፣ የሰው ልጅ ከነፋስና ከወፍ የሚበልጥ ዘር አከፋፋይ ይሆንለታል።

መዝገቡ የሚቆጥረው ምንድን ነው?

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይመጣል። ይሄው በየከተማው ያለ ዛፍ በ1998 "ለአደጋ የተጋለጠ" ተብሎ ተመዝግቦ ነበር።

እንዴት? ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ የሚባል ሰነድ አለው። የእንስሳትና የዕፅዋት የአደጋ ደረጃ የሚወጣው እዚያ ነው። ይህ መዝገብ ሰው የተከለውን አይቆጥርም። የሚያየው ዝርያው በተፈጥሮ በበቀለበት ቦታ፣ በራሱ እየተራባ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ የከዚራ ዛፎች፣ የሞምባሳ ዛፎች፣ የሙምባይ ዛፎች በሙሉ በዚህ ስሌት ዜሮ ናቸው። የሚታየው ማዳጋስካር ውስጥ የቀረው ጫካ ነው። ያ ጫካ ደግሞ በከሰል፣ በእሳትና በእርሻ እየተሸረሸረ ነው።

በኋላ ጥናቱ ሰፋ። ዛፉ በማዳጋስካር ቀድሞ ከታሰበው በላይ በብዙ ቦታ በተፈጥሮው እንደሚገኝ ታወቀ። ደረጃውም "አሳሳቢነቱ ዝቅተኛ" ወደሚለው ወረደ። ጫካው መሸርሸሩ ግን አልቆመም።

እንደ እኔ ሰው የተከለውን አለመቁጠር የሚለው የመዝገቡ ሕግ ትክክል ነው። መንገድ ዳር የተተከለ ዛፍ ብዙ ጊዜ ከጥቂት እናት ዛፎች የመጣ ነው። በጫካው ውስጥ ያለው የዘር ልዩነት የለውም። በሽታ ቢመጣ፣ የአየር ጠባይ ቢለወጥ፣ መቋቋሚያው ያለው በዚያ ልዩነት ውስጥ ነው። ጫካው ከሌለ ዛፉ አለ ማለት ይቻላል፤ የዛፉ ኑሮ ግን አልቋል። አብረውት የኖሩ ነፍሳት፣ ወፎችና ሌሎች ዛፎች ከዚራ አብረውት አልመጡም።

መዝገቡ ደረጃ ሲሰጥ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ስፋት ነው። አንድ ዝርያ የሚገኝበት ጠቅላላ ክልል ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ካነሰ፣ ወይም በትክክል የሚኖርበት ቦታ ከ10 ካሬ ኪሎ ሜትር ካነሰ፣ በዚያም ላይ መኖሪያው እየተበላሸ ከሆነ፣ "እጅግ ከፍተኛ አደጋ ላይ ያለ" ወደሚለው የመጨረሻ ደረጃ ይገባል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ከዱር መጥፋት ነው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ማለት የሐረሪ ክልል ሲሶ እንኳ አይሞላም። የባሌዋ እንቁራሪት የምትገባው እዚህ ነው።

አንድ ተራራ ብቻ ያላት

ባሌ ተራሮች ከእኛው ጋር ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ያሉ ደጋዎች ናቸው። ከሐረርጌ ተነስቶ በጨርጨርና በአርሲ በኩል የሚቀጥለው ከፍታ ጫፉ እዚያ ነው። የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በደቡብ በኩል ቁልቁል የሚወርደው ሐረና ጫካ ነው፤ ከላይ አስታ፣ ዝቅ ሲል ኮሶ፣ ከዚያም በታች የዱር ቡና። ፓርኩ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ብዙ ሰው ባሌን የሚያውቀው በቀይ ቀበሮውና በኒያላው ነው። ከዓለም በዚህ ተራራ አካባቢ ብቻ የሚገኙ እንቁራሪቶችና ጉርጦች መኖራቸውን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ከእነሱ አንዷ በ1991 ለሳይንስ የተገለጸች ትንሽ እንቁራሪት ናት። የሳይንስ ስሟ ኤሪካባትራከስ ባሌየንሲስ ይባላል። ርዝመቷ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። የምትኖረው በጫካው ውስጥ በሚወርዱ ቀዝቃዛና ፈጣን ጅረቶች ዳር፣ በሣርና በቁጥቋጦ ተሸፍና ነው። በሳይንስ አመዳደብ ብቻዋን አንድ ወገን ናት፤ የቅርብ ዘመዶቿ ከኢትዮጵያ ውጭ ርቀው ነው የሚኖሩት። እሷ ከጠፋች አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ አንድ ሙሉ የዘር ሐረግ ይቋረጣል።

ለምንድን ነው ወደ ሌላ ተራራ የማትሄደው? የእንቁራሪት ቆዳ ከእኛ ቆዳ ጋር አይገናኝም። በቆዳዋ ትተነፍሳለች፣ በቆዳዋ ውሃ ትጠጣለች። ቆዳው ቀጭንና እርጥብ መሆን አለበት። ከደረቀ ሞት ነው። ስለዚህ የደጋ እንቁራሪት ከተራራዋ ወርዳ ሞቃትና ደረቅ ቆላ አቋርጣ ሌላ ተራራ ላይ መውጣት አትችልም። ለድሬዳዋ ዛፍ ባሕር እንቅፋት አልሆነበትም። ለእሷ የአንድ ቀን የመኪና መንገድ ቆላ ተሻግራ የማትጨርሰው ነው። የአየር ሙቀት ሲጨምር ማድረግ የምትችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ላይ መውጣት። ተራራ ደግሞ ጫፍ አለው።

የባሌ ጉርጦች ጉዳይ የበለጠ ያስደንቀኛል። በስም አልቲፍሪኖይደስ ማልኮልሚ የምትባለዋን ውሰዱ። አብዛኞቹ እንቁራሪቶች ውሃ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ፣ ወንዱ ከውጭ ያዳብረዋል፣ ጭራ ያለው እጭ ወጥቶ ይዋኛል። ይህቺ ግን እንደዚያ አይደለችም። ፅንሱ የሚጀምረው በእናቲቱ ሆድ ውስጥ ነው። ከዚያ እንቁላሉን ደረቅ ባልሆነ ግን ውሃም በሌለበት፣ በእርጥብ መሬት ላይ ትጥላለች። ብዙ እናቶች አንድ ቦታ ላይ እንቁላላቸውን ያከማቻሉ። እጮቹ ሳይዋኙ፣ ከእንቁላሉ አስኳል ብቻ እየተመገቡ ያድጋሉ።

ይህ ለብርዳማ ከፍታ የተስማማ ጥበብ ነው። ግን ዋጋ አለው። ኩሬ ቆፍረን ልንረዳት አንችልም። የምትፈልገው ኩሬ አይደለም። የምትፈልገው ዓመቱን ሙሉ እርጥበት የሚይዝ፣ ከብት ያልረገጠው፣ እሳት ያልነካው የመሬት ሽፋን ነው። ሽፋኑ ከተገፈፈ ፀሐይ ይገባል፣ እርጥበቱ ይጠፋል፣ እንቁላሉ ይደርቃል።

ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ የባሌን እንቁራሪቶች ፈልገው መዝግበው ነበር። ከ2000 በኋላ ተመልሰው በአንድ ሰው የፍለጋ ሰዓት ስንት እንደሚገኝ እየለኩ አነጻጸሩ። ቁጥሩ ወርዶ አገኙት። ኦስጉዲ የተባለችዋ ሌላዋ የባሌ ጉርጥ ከ2003 ወዲህ አልታየችም። ይህን ሳነብ ነው ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ እንዳለብኝ የተሰማኝ። ከቤታችን ተነስተን በመኪና የምንደርስበት ተራራ ላይ፣ በዓለም ሌላ ቦታ የሌለ ፍጥረት ዝም ብሎ እየጠፋ ነው።

ጥፋቱ የእንስሳው ደካማነት ነው?

አይደለም። "እንቁራሪት በተፈጥሮዋ ደካማ ናት፣ ዛፍ ጠንካራ ነው" የሚል ካለ የአውስትራሊያን ጉርጥ ይመልከት። በ1935 የሸንኮራ አገዳ ተባይ ይበላልናል ብለው መቶ ገደማ ጉርጦች ከሐዋይ ወደ ኩዊንስላንድ ወሰዱ። ተባዩን አልበሉላቸውም። ራሳቸው ግን ተባዙ፤ ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሆነው አገሩን ያስቸግራሉ። ያቺ ጉርጥ አንዴ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፣ ያገኘችውን ትበላለች፣ ሙቀት አይበግራትም። በሌላ በኩል ከዓለም የዛፍ ዝርያዎች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት አደጋ ላይ ናቸው። ከእንቁራሪትና ከመሰል እንስሳት ደግሞ በ2023 በወጣው ጥናት 41 በመቶው። ወሳኙ እንስሳ ወይም ተክል መሆን አይደለም። የሚፈልገው ነገር ምን ያህል ጠባብ ነው? ሲጠፋበት መተኪያ አለው? ጥያቄው ይሄ ነው።

የሐረማያን ሐይቅ አስቡ። ደርቆ ነበር። ሐረር ውሃዋን ከድሬዳዋ አቅጣጫ እስከ ማምጣት ደርሳለች። ከዓመታት በኋላ ውሃው ወደ ሐይቁ ተመለሰ። በአካባቢው ሌላ ኩሬና ጅረት ያላት ተራ እንቁራሪት እንዲህ ያለውን ጊዜ በጎረቤት ውሃ ታሳልፋለች፣ ሲሞላ ትመለሳለች። ጎረቤት ውሃ የሌላት ግን ተመልሳ አትመጣም። ሐይቁ ሞልቶ እንኳ።

ተሸክመን ብናድናትስ?

ተሞክሯል። ታንዛኒያ ውስጥ ኪሃንሲ የሚባል ፏፏቴ አለ። የባሌዎቹ ጉርጦች የሩቅ ዘመድ የሆነች ትንሽ ቢጫ ጉርጥ የምትኖረው በዚያ ፏፏቴ ፍንጣቂ በሚርስ ሸለቆ ውስጥ ብቻ ነበር። ጠቅላላ መኖሪያዋ 2 ሄክታር ገደማ ነው። የሐረር ጀጎል 48 ሄክታር ነው፤ የጀጎልን ሃያ አራተኛ እጅ ማለት ነው።

ሳይንስ ያወቃት በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ ለኤሌክትሪክ ኃይል ግድብ እየተሠራ ነበር። ግድቡ በ2000 ሥራ ሲጀምር አብዛኛው ውሃ ተቀየሰ፣ ፍንጣቂውም ቆመ። ሰዎቹ ዝም አላሉም። ውሃ የሚረጭ ቧንቧ ዘረጉ። 500 ያህል ጉርጦችን ሰብስበው አሜሪካ ወደሚገኙ የእንስሳት ማቆያዎች ላኩ። በ2003 ግን ሸለቆው ውስጥ የቀሩት በወራት ውስጥ አለቁ። በ2009 ከዱር ጠፍታለች ተባለ። አሜሪካ ያሉት በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ሙቀቱ፣ ብርሃኑና ጠሉ እየተለካ ብዙ ድካም ተደክሞባቸው ተዋለዱ፣ በዙም። ከ2012 ጀምሮ ወደ ሸለቆው መመለስ ጀመሩ።

ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ የሠሩትን አከብራለሁ። ግን ዋጋውን እዩ። ለአንዲት ጉርጥ ሁለት አህጉር፣ የብዙ ዓመት ገንዘብ፣ የብዙ ባለሙያ ዕድሜ ወጣ። የድሬዳዋ ዛፍን ለማዛወር የሚያስፈልገው አንድ እፍኝ ዘርና አንድ ድስት የሞቀ ውሃ ነው። ለባሌዎቹ እንዲህ ያለ ማቆያ ሠርቶ ከመድከም ጅረታቸውን አሁን መጠበቅ እጅግ ይቀላል።

እዚህ ላይ ስለ ችግኝ ተከላ ልናገር። አረንጓዴ አሻራ ከ2019 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ ድሬዳዋና ሐረርም ተራራዎቻቸውን ሲያለብሱ ደስ ይለኛል። በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ዳር ጎርፍ ያየ ሰው የተራራ ልብስ ምን እንደሆነ ያውቃል። ግን የተተከለ ችግኝ ብዛት የዳነ ሕይወት መለኪያ ሊሆን አይችልም። ነባሩ ጫካ ውስጥ የጅረት ዳር ቁጥቋጦ ተመንጥሮ ሌላ ቦታ ሺህ ዛፍ ቢተከል፣ እንቁራሪቷ ከሺሁ አንዱንም አታገኘውም። ያለውን ሳይነኩ መተው ከመትከል ይቀድማል። ባሌ ውስጥ ይህ ማለት ከብት ወደ ጅረቱ የሚወርድበትን ቦታ ከሕዝቡ ጋር ተስማምቶ መወሰን፣ የዳርቻውን ሽፋን አለመመንጠር፣ የአስታውን ጫካ ከእሳት መጠበቅ ነው። የሚኖሩበትን ሰዎች ያላማከለ ጥበቃ አይዘልቅም፤ ከብቱም ኑሯቸው ነው።

የማይታየው በሽታ

ኪሃንሲ ላይ ጉርጦቹ ባለቁበት ጊዜ የተገኘው ነገር ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ ነው። በዓለም ዙሪያ ብዙ የእንቁራሪት ዝርያዎችን ያጠፋ በሽታ ነው። የእንቁራሪቷን ቆዳ ያጠቃል። ቆዳዋ ሳንባዋም ኩላሊቷም ስለሆነ የሰውነቷ ጨው ሚዛን ይዛባና ልቧ ይቆማል። በኢትዮጵያ ደጋዎች ይህ ፈንገስ በብዙ ቦታና በብዙ ዓይነት እንቁራሪት ላይ መገኘቱ በ2012 ታትሞ ወጥቷል። ሰውን አይዝም።

ፈንገሱ የሚወደው ሙቀት ከ17 እስከ 25 ዲግሪ ነው። ከ28 ሲያልፍ ማደጉን ያቆማል። ቀን ላይ ብዙውን ጊዜ ከ30 የምታልፈው ድሬዳዋ አትመቸውም። የሐረና ቀዝቃዛ ጥላ ግን አይከለክለውም። ያ ቅዝቃዜ ለእንቁራሪቷ ሕይወቷ ስለሆነ ሞቃት ቦታ ፈልጋ ልታመልጠው አትችልም።

ፈንገሱ በውሃና በእርጥብ ጭቃ ይጓዛል። የጎብኚ ጫማ ሊያጓጉዘው ይችላል። ስለዚህ ከሐረር ወይም ከድሬዳዋ ተነስታችሁ ባሌ ለመጎብኘት የምትሄዱ ካላችሁ፣ ጉዟችሁን የማያከብድ ነገር ልንገራችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የጫማችሁን ጭቃ አራግፋችሁ እጠቡት፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ እስኪደርቅ ድረስ አውጡት። ፈንገሱ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ይሞታል፣ የድሬ ፀሐይ ደግሞ ለዚህ በቂ ነው። እንቁራሪት ካያችሁ በእጃችሁ አታንሷት፣ ድንጋይና ግንድ አትገልብጡ፣ ከአንዱ ጅረት ቀድታችሁ ሌላው ላይ ውሃ አትድፉ። በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ጅረት የምታቋርጡ ከሆነ ትርፍ ጫማ ያዙ።